በአየርላንድ ገጠር ስለ ጥንት ድንጋዮችና መቃብሮች የሚነገረው አፈ ታሪክ

በአየርላንድ ገጠር የሚጓዝ ሰው በታረሰ እርሻ መካከል ማረሻ ያልነካው ክብ መሬት ብዙ ጊዜ ያያል። ትልሙ ቀጥ ብሎ መጥቶ ከክቡ ዳር ሲደርስ ይጐብጥና ዞሮት ያልፋል። ክቡን ዝቅ ያለ የአፈር ካብ ይከበዋል፤ በውስጡም ቍጥቋጦና እሾኻም ዛፍ በቅሎበታል። መሬቱ ለምነቱ ከአካባቢው እርሻ የማያንስ ሲሆን ጦም ያድራል። ባለ እርሻው ስለ ምን እንደማያርሰው ቢጠየቅ ረዥም ማብራሪያ አይሰጥም፤ አባቱ እንዳልነካው፣ እርሱም እንደማይነካው ብቻ ይናገራል። እኔም በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ይህን ትልም ባየሁ ጊዜ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ አጭር መልስ ነበር። ለብዙ ትውልድ ማረሻን ያቆመው ኀይል ምንድር ነው?

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ የምሞክረው፣ በአየርላንድ ስለ ጥንት ድንጋዮችና መቃብሮች የሚነገረው አፈ ታሪክ ያለፈውን ዘመን ለማስረዳት ደካማ ምስክር ቢሆንም፣ በሕያዋን መካከል ግን እንደ ሕግ ሆኖ የሠራ መሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ጕዳይ ለመናገር የሚያስችል ሰፊ መዝገብ አለ። የአየርላንድ መንግሥት በ1935 ዓ.ም. የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን የተባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ የሚመሩትም ጄምስ ዴላርጂ ነበሩ። ከ1937 እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ በ5,000 ያህል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆች ከወላጆቻቸው፣ ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው የሚሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ ተደረገ። ከተሰጧቸውም ርእሶች መካከል ስለ ክብ ካቦች፣ ስለ ተቀበረ ሀብትና ስለ አሮጌ መቃብሮች የሚጠይቁ ነበሩ። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ጽሑፍ 740,000 ያህል ገጽ ሲሆን፣ ዛሬ በዳብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይገኛል። የኮሚሽኑ የመዛግብት ኀላፊ ሾን ኦ ሱሊቫን ደግሞ በ1942 ዓ.ም. ለሰብሳቢዎች መመሪያ የሚሆን ሰፊ መጽሐፍ አሳትመዋል። ስለዚህ የአንድ አውራጃን ወሬ ከሌላው አውራጃ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

አስቀድሞ የአነጋገሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በአየርላንድ ሽማግሌ በእሳት ዳር የሚያጫውተው ረዥም ተረት አንድ ነገር ነው፤ ስለ አንድ ድንጋይ የሚነገረው አጭር ወሬ ግን ሌላ ነው። ተረት ቦታም ዘመንም የለውም፤ ሰሚውም እንዲያምነው አይጠየቅም። የድንጋዩ ወሬ ግን የመንደሩን ስም ይጠራል፤ ድርጊቱ የደረሰበት ሰው የማን አያት እንደ ነበረ ይናገራል፤ ምስክሩም እዚያው በዓይን የሚታየው ድንጋይ ነው። በአማርኛ አፈ ታሪክ የምንለው ይህንኑ ነው። ሰሚው ቢጠራጠር እንኳ በማግሥቱ በዚያ ድንጋይ አጠገብ ማለፉ አይቀርምና ወሬው አይረሳውም።

በነዚህ ወሬዎች ውስጥ የሚጠቀሱት ባለቤቶች በአየርላንድ ቋንቋ ‹‹ኤስ ሺ›› ይባላሉ፤ ትርጓሜውም የጕብታው ሕዝብ ማለት ነው። እነዚህን ፍጡራን ዛር ወይም ጋኔን ብለን ብንተረጕማቸው እንሳሳታለን። በመካከለኛው ዘመን መነኰሳት የጻፉት የአየርላንድ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ዛሬ ላለው ሕዝብ አባቶች የተባሉት ሰዎች ከባሕር ማዶ መጥተው በአገሩ የነበረውን ቱዋሃ ዴ ዳናን የሚባለውን ወገን ድል ነሡት፤ ድል የተነሣውም ወገን ከምድር በታች ወዳሉት ጕብታዎች ገባ። ገበሬው ግን ይህን መጽሐፍ አላነበበም። በእርሱ ዘንድ የጕብታው ሕዝብ እንደ ሰው ከብት የሚያረቡ፣ የሚዘፍኑ፣ የሚዋጉ፣ ቤታቸው ሲነካባቸውም የሚቈጡ ጎረቤቶች ናቸው። ስማቸውን በግልጥ ከመጥራት ይልቅ ‹‹ደጋጎቹ ሰዎች›› እያለ ያነሣቸዋል። ከዚህም በላይ በብዙ ቦታ ከሙታን ጋር ይቀላቀላሉ፤ በቅርብ የሞተ ዘመድ በመካከላቸው ታየ የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ ተመዝግቧል።

ከድንጋዮቹ መካከል ይበልጥ የታወቁት ዶልመን የሚባሉት ናቸው። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ድንጋዮች ቆመው በላያቸው አንድ ታላቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫናል። ሕዝቡ ‹‹የዲርሙድና የግራንያ አልጋ›› ይላቸዋል። አፈ ታሪኩም እንዲህ ነው፤ ግራንያ የንጉሥ ኮርማክ ልጅ ስትሆን ለሸመገለው የጦር አለቃ ለፊን ታጨች። በግብዣው ሌሊት ለእንግዶቹ የሚያስተኛ መጠጥ ሰጥታ፣ ከፊን ወታደሮች አንዱን ዲርሙድን ይዟት እንዲሄድ አዘዘችው። እምቢ እንዳይላትም ‹‹ጌስ›› በሚባል ቃል አሰረችው፤ ይህም እኛ ግዝት ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ከዚያ በኋላ ፊን እየተከተላቸው አገር ለአገር ሸሹ። በአንድ ስፍራ ሁለት ሌሊት ስለማያድሩ ዲርሙድ በያለበት የድንጋይ አልጋ ሠራ፤ ስለዚህ አልጋዎቹ 366 ናቸው ይባላል፤ ለአንድ ዓመትና ለአንድ ቀን መሆኑ ነው። ልጅ ያልወለደች ሴት በዚህ አልጋ ብታድር ትፀንሳለች የሚል እምነትም በአንዳንድ ስፍራ ተመዝግቧል።

ቍፋሮ የገለጠው ግን ሌላ ነው። በክሌር አውራጃ በረን በሚባለው የኖራ ድንጋይ አምባ ላይ የቆመው የፑልናብሮን ዶልመን በ1986ና በ1988 ዓ.ም. በአን ሊንች መሪነት ተቈፈረ። በውስጡም ከ30 የሚበልጡ የወንዶች፣ የሴቶችና የልጆች አፅም ተገኘ፤ የተቀበሩትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3800 እስከ 3200 ዓመት ባለው ዘመን ነው። አፈ ታሪኩ ኮርማክንና ፊንን የሚያኖራቸው በሦስተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ስለ ሆነ፣ ድንጋዩ ከባለ ታሪኮቹ በአራት ሺሕ ዓመት ያህል ይበልጣል። ሕዝቡ መቃብሩን አልጋ አድርጎ ያሰበው ከቅርጹ ተነሥቶ ነው። ሠሪዎቹን የሚያስታውስ ሰው ሲጠፋ፣ ድንጋዩ ያለ ባለቤት እንዳይቀር ሕዝቡ ከሚያውቃቸው ስሞች አንዱን ሰጠው።

ስም ብቻ ሳይሆን ሥርዓትም ሰጥቶታል። በስላይጎ አውራጃ በኖክናሬ ተራራ ራስ ላይ ቁመቱ 10 ሜትር ያህል፣ ወርዱም 55 ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ ክምር አለ። ክምሩ ከቶ አልተቈፈረም። ሕዝቡ የንግሥት ሜቭ መቃብር ነው ይላል፤ ንግሥቲቱም ጋሻዋንና ጦሯን ይዛ ወደ ጠላቶቿ ወደ አልስተር ዞራ እንደ ቆመች ተቀብራለች ይባላል። ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው አንድ ድንጋይ ይዞ ወጥቶ በክምሩ ላይ መጨመር መልካም ነው፤ ከክምሩ አንሥቶ መውረድ ግን መቅሠፍት ያመጣል። ሜቭ በእውነት መኖሯን ማንም ሊያስረዳ አይችልም፤ ይሁን እንጂ ድንጋይ መውሰድን የሚከለክለው ቃል ክምሩን ለመጠበቅ ረድቷል። ዛሬ ግን መጨመሩም ሆነ በክምሩ ላይ መውጣቱ ቅርሱን ስለሚጐዳ፣ የቅርስ ጠባቂዎች ጎብኚዎችን ከሁለቱም እንዲታቀቡ ይለምናሉ።

በመጀመሪያ የጠቀስኋቸው ክብ ካቦች ‹‹ራ›› ወይም ‹‹ሊስ›› ይባላሉ፤ በመላው አየርላንድ ከ40,000 በላይ ይገኛሉ። እነዚህ በመሠረቱ መቃብሮች አይደሉም። አብዛኞቹ ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው መቶ ዓመት ድረስ የኖሩ ገበሬዎች ቤታቸውንና ከብታቸውን ያጠሩባቸው ቅጥሮች ናቸው። ቤቶቹ ከፈረሱ በኋላ ግን ሕዝቡ የጕብታው ሕዝብ መኖሪያዎች አደረጋቸው። ስለነርሱ የሚነገረው ወሬ በየአውራጃው አንድ ዓይነት አካሄድ አለው። አንድ ሰው፣ አዘውትሮም አዲስ መጥ ወይም ስግብግብ የሆነ ሰው፣ ካቡን ያፈርሳል ወይም በላዩ የበቀለውን ነጭ አበባ የሚያወጣ እሾኻም ዛፍ ይቈርጣል። ሽማግሌዎች ያስጠነቅቁታል፤ አይሰማም። በማግሥቱ አፉ ተጣሞ ይነሣል፤ ወይም እጁ ይሰልላል፤ ወይም ላሞቹ ያልቃሉ፤ በከፋውም ልጁ ይሞታል።

ይህን ወሬ እንደ ሕግ ሰነድ ብናነበው ሁሉም ነገር ተሟልቶ እናገኘዋለን። የተከለከለው ድርጊት፣ ማስጠንቀቂያው፣ ቅጣቱና ምስክሩ በውስጡ አሉ። ዳኛና ወታደር ብቻ ይጐድሉታል፤ እነርሱም አላስፈለጉም። በገበሬ ቤት ውስጥ ላም መሞቷ ወይም ሰው በድንገት መታመሙ የማይቀር ነገር ነውና፣ ካብ ያፈረሰ ሰው ቈይቶ አንድ መከራ ሲያገኘው ጎረቤቱ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። እንደዚሁም ካቡን ሳይነካ መከራ ያገኘው ሰው በወሬ አይነሣም። ወሬው ሁልጊዜ እውነት ሆኖ የሚታየው በዚህ ምርጫ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ እንደርሳለን። በነዚህ ክብ ካቦችና በጥንት ድንጋዮች አጠገብ፣ እንዲሁም በፈረሱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ ‹‹ኪሊን›› የሚባሉ ትንንሽ የመቃብር ስፍራዎች አሉ፤ እስካሁን የተመዘገቡት ከአንድ ሺሕ በላይ ናቸው። ቃሉ ሴላ ከሚለው ከላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። በነዚህ ስፍራዎች የሚቀበሩት በተለይ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ በቈየው ትምህርት መሠረት ያልተጠመቀ ሕፃን ሥቃይ የሌለበት፣ ነገር ግን እግዚአብሔርን የማያይበት ሊምቦ ወደሚባል ስፍራ ይሄዳል፤ ስለዚህ በተባረከ መሬት አይቀበርም ነበር። አባት ወይም ሌላ ዘመድ ሕፃኑን በትንሽ ሣጥን አድርጎ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወይም ሌሊት፣ ያለ ቄስና ያለ ለቅሶኛ ወስዶ ይቀብረዋል። በመቃብሩ ላይ ስም የሌለው ተራ ድንጋይ ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ነጫጭ ጠጠሮች ይደረደሩበታል። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ በአልጋዋ ላይ ስለምትሆን ስፍራውን አታይም። ይህ ልማድ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ቈይቷል።

አባቶች ስለ ምን ይህን መሬት መረጡ? አንዱ መልስ፣ ማንም የማይፈልገው ጠርዝ ስለ ነበረ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ቢሆንም ነገሩን አይጨርሰውም። በእኔ አስተያየት፣ አባትየው በአውራጃው ሁሉ ማረሻ እንደማያገኘው እርግጠኛ የሚሆንበት መሬት ይህ ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የከለከለችውን የመቃብር ዋስትና የጕብታው ሕዝብ ፍርሃት ሰጠው። በኋላም ሕፃናቱ ራሳቸው የአፈ ታሪኩ ክፍል ሆኑ። በአየርላንድ በሌሊት ሰው የገዛ እርሻውን በር አጥቶ እስኪነጋ የሚዞርበት ‹‹የሚያሳስት ሣር›› አለ ይባላል፤ በአንዳንድ ስፍራ ይህ ሣር ያልተጠመቀ ሕፃን የተቀበረበት ነው ይላሉ። መንገድ የጠፋበት ሰው የሚረግጠው፣ በሰማይም በምድርም ቦታ ያጣውን ሕፃን መሆኑ ነው። በአደባባይ የማይለቀስለት ሐዘን በወሬ መልክ ይነገር ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

በ2007 ዓ.ም. የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዓለም አቀፍ የነገረ መለኮት ጉባኤ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት እንደሚድኑ ተስፋ የሚደረግበት ምክንያት መኖሩን የሚገልጥ ሰነድ አወጣ። በብዙ አጥቢያዎችም ኪሊኖች ተጠርገው፣ ተባርከው የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞላቸዋል። ይህ ሊሆን የቻለው ስፍራዎቹ ስላልጠፉ ነው፤ ያልጠፉትም በከፊል ስለ ተፈሩ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አፈ ታሪክ ይህን ያህል ጽኑ ከሆነ፣ የሠሪዎቹንስ ዘመን ሊያስታውስ ይችላልን? በቦይን ወንዝ አጠገብ የኒውግሬንጅ ታላቅ መቃብር አለ፤ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ነው። ይህን መቃብር ከ1962 እስከ 1975 ዓ.ም. የቈፈሩት ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ፣ ፀሐይ ወደ ውስጥ ትገባ ነበር የሚል ወሬ ከአካባቢው ሰዎች ሰምተው ነበር። በታኅሣሥ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በሌሊት ገብተው ቢጠብቁ፣ የዓመቱ አጭር ቀን ፀሐይ ከመግቢያው በላይ በተሠራው ቀዳዳ ገብታ የውስጡን ክፍል ስታበራ አዩ።

በአጠገቡ ያለው የዳውዝ መቃብር ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በመካከለኛው ዘመን የተጻፈው የቦታ ስሞች ታሪክ እንደሚለው፣ በብረሳል ዘመን የከብት እልቂት ሆነ፤ ንጉሡም ወደ ሰማይ የሚደርስ ግንብ በአንድ ቀን እንዲሠራለት አዘዘ። እኅቱ ፀሐይን በአስማት አቆመችለት፤ ንጉሡ ግን ከእኅቱ ጋር ስለ ተኛ አስማቱ ፈረሰ፤ ጨለማም ሆነ። ዳውዝ የሚለው ስምም ጨለማ ማለት ነው ይባላል። በ2020 ዓ.ም. ላራ ካሲዲና ዳንኤል ብራድሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት የዘረ መል ጥናት፣ በኒውግሬንጅ የተቀበረ አንድ ሰው ወላጆቹ እኅትና ወንድም፣ ወይም ወላጅና ልጅ መሆናቸው ታወቀ። ተመራማሪዎቹም ይህን የዳውዝ አፈ ታሪክ ጠቅሰዋል።

ነገሩ የሚያስደንቅ ቢሆንም ለመቸኰል የሚያበቃ አይደለም። በመቃብሩና በጽሑፉ መካከል ከ4,000 ዓመት በላይ አልፏል። በዚያ መካከል በነሐስ ዘመን መጀመሪያ ከውጭ የገባ ሕዝብ የአገሩን ነዋሪ ዘር በአብዛኛው ለውጦታል። የጻፉትም መነኰሳት የባቢሎንን ግንብና ፀሐይ የቆመችበትን የኢያሱን ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ያውቁ ነበር። ፀሐይ ወደ መቃብር መግባቷን ደግሞ ማንኛውም ትውልድ በዓይኑ እያየ እንደ አዲስ ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ተማሪው መገጣጠምን ከመታሰቢያ መለየት አለበት።

ስለ ድንጋይ የሚነገር እምነት ሁሉ ግን ጠባቂ አይደለም። ከመቃብሩ በታች የወርቅ ማሰሮ አለ የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አካፋ እንዲያነሣ አድርጓል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን በታራ ኮረብታ የሆነው ነው። ታራ የጥንት የአየርላንድ ነገሥታት መቀመጫ ነው፤ በላዩም እውነተኛው ንጉሥ ሲነካው ይጮኻል የሚባለው ሊያ ፎል የተባለው ድንጋይ ቆሟል። ከ1899 እስከ 1902 ዓ.ም. ድረስ፣ እንግሊዞች ከጠፉት የእስራኤል ነገዶች የመጡ ናቸው የሚሉ ሰዎች በዚህ ኮረብታ ላይ ታቦተ ጽዮንን ፍለጋ ቈፈሩ። እኛ በአክሱም አለች የምንላትን እነርሱ በአየርላንድ አፈር ውስጥ ፈለጓት። ባለ ቅኔው ዊልያም በትለር ዬትስና ዳግላስ ሃይድን የመሳሰሉ ሰዎች በጋዜጣ ተቃወሙ። ታቦት አልተገኘም፤ ጥንታዊው ካብ ግን ተቈፋፍሮ ተበላሸ። የአካባቢው ገበሬዎች ተረት ለብዙ መቶ ዓመት ያቈየውን፣ ከውጭ የመጡ የተማሩ ሰዎች ተረት በሦስት ዓመት አፈረሰው።

በሃያኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ትራክተርና ቡልዶዘር በበዙ ጊዜ፣ በተለይም አየርላንድ በ1973 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ማኅበር ከገባች ወዲህ፣ እርሻን ለማስፋት ብዙ ካቦች ተደመሰሱ። ቅርስን የሚጠብቅ ሕግ ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ቢኖርም፣ ሕጉ ሁሉን ቦታ ሊያይ አይችልም። ይሁን እንጂ አሮጌው ቃል ፈጽሞ አልሞተም። በ1999 ዓ.ም. በክሌር አውራጃ ላቱን በተባለ ስፍራ አዲስ አውራ ጎዳና ሲሠራ አንድ እሾኻም ዛፍ ሊቈረጥ ነበር። ተራኪው ኤዲ ሌኒሃን፣ ዛፉ የጕብታው ሕዝብ ወደ ጦርነት ሲሄዱ የሚሰበሰቡበት ነው ብሎ በጋዜጣ ተከራከረ፤ መንገዱም ዛፉን እንዲተው ሆኖ ተሠራ። በዚህ ላይ የሳቁ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ዛፉ ዳነ።

እነዚህን ነገሮች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ማቅረቤ ስለ አንድ ሩቅ ደሴት ለማውራት ብቻ አይደለም። በሶዶ አገር በቲያና በአካባቢዋ የቆሙትን የመቃብር ትክል ድንጋዮች ሕዝቡ ‹‹የግራኝ ድንጋይ›› ይላቸዋል፤ ቍፋሮ ግን ድንጋዮቹ ከግራኝ ዘመን የቀደሙ መሆናቸውን አሳይቷል። የአየርላንድ ገበሬ ለዲርሙድ እንደ ሰጠ፣ የሶዶ ገበሬም ለሚያውቀው ስም ሰጥቷል። ወደ መስክ የሚወጣ ተማሪ ይህን ሲሰማ ‹‹ስሕተት ነው›› ብሎ ደብተሩን ቢዘጋ፣ የሥራውን ግማሽ ጥሎ ይመጣል። ድንጋዩን ማን አቆመው የሚለውን ቍፋሮ ይመልሳል። በድንጋዩ ላይ ማን እንዳይደርስ ተከለከለ፣ ከአጠገቡስ ማን በሌሊት ተቀበረ የሚለውን ግን ሽማግሌዎች ካልነገሩን ሌላ የሚነግረን የለም። የአየርላንድ ልጆች ያን ሁሉ ገጽ የጻፉት አያቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ነበር።